ሙቀት ይሉኝታን አያውቅም

በእኛ በተማሪዎች መካከል ስለ አይሮፕላን ነጂ ሲወራ የሚነሣው ዘወትር ሦስት ነገር ነው፤ ልብሱ፣ ደመወዙና የሚያያቸው አገሮች ብዛት። ከቈላ የሚመጣው አይሮፕላን ሁለት ሰዓት የዘገየ እንደ ሆነ፣ ወይም የመንገደኛ ሻንጣ ከኋላ የቀረ እንደ ሆነ ግን ወሬው በአንድ ጊዜ ይገለበጥና ያው ሲመሰገን የነበረው ነጂ ሰነፍ፣ የላከውም ድርጅት ግዴለሽ ይባላል። ሙገሳውም ወቀሳውም ከሜዳው ላይ ያለውን ነገር አይነካም። ሜዳው ላይ ያለው ነገር አየር ነው። አየሩ ምን ያህል እንደ ሞቀ፣ ምን ያህል አቧራ እንደ ተሸከመ፣ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ በትክክል የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ ልብሱም ደመወዙም ከንቱ ነው።

በዚህ ገጽ ልንናገር የፈለግነው እንግዲህ ስለ በረሃ አይሮፕላን ጣቢያ ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፤ የተማሪዎችን መጽሔት ምን ጥልቅ አደረገው?» ይሉን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። በበረሃ ሜዳ ላይ የሰው ሕይወት የሚጠበቀው በሦስት ሰዎች ነው፤ ያየውን ቁጥር ሳይጨምር ሳይቀንስ በሚጽፍ ተመልካች፣ ቁጥሩን አይቶ «አሁን አልነሣም» ለማለት በሚደፍር ነጂ፣ ያንንም መልስ ሳይቈጣ በሚቀበል መንገደኛ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ አይበቁም። ከእኛም መካከል አንዳንዱ ነገ ተመልካች፣ አንዳንዱ ነጂ ይሆናል፤ መንገደኛ ግን ሁላችንም ነን። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንጀምር። አይሮፕላንን የሚያነሣው በክንፉ ላይና ሥር የሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ወፍራም ከሆነ ብዙ ይሸከማል፤ ከሳሳ ጥቂት ይሸከማል። አየር ደግሞ የሚሳሳው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንዱ ከፍታ፣ ሁለተኛው ሙቀት። የደጋ ሰው ከፍታን ያውቃል፤ ከባሕር ጠረፍ የመጣ እንግዳ በአዲስ አበባ ዳገት ላይ ሲያለከልክ አይቶ ስቋል። ሙቀትም ልክ እንደ ከፍታ አየርን እንደሚያሳሳ ግን ብዙዎቻችን አናስብም። የዓለም አይሮፕላን ሠሪዎች የሚመዝኑበት ልክ በባሕር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በየሺህ ሜትሩ ከፍታ ስድስት ዲግሪ ተኩል እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚህ ልክ በላይ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ አይሮፕላኑ ወደ 36 ሜትር ያህል ከፍ ካለ ሥፍራ ላይ እንደ ቆመ ይቈጠራል።

ይህን ሂሳብ ወደ አገራችን እናምጣው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,170 ሜትር ያህል ናት። በዚያ ከፍታ የተወሰነው ልክ ሰባት ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ከቀትር በኋላ ቴርሞሜትሩ 35 ዲግሪ ሲያሳይ ከልኩ በላይ 27 ዲግሪ ተኩል ሆነ ማለት ነው። ይህ ሲባዛ አንድ ሺህ ሜትር ይሆናል። እነሆ አይሮፕላኑ የቆመው በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ሲሆን ክንፉ የሚያገኘው አየር ግን 2,170 ሜትር ላይ ያለውን አየር ይመስላል። ቦሌ 2,330 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ከደጋ ወደ ቈላ ወረድኩ ብሎ ሹራቡን ያወለቀው መንገደኛ፣ በአይሮፕላኑ ዘንድ ሲታይ ከደጋው እምብዛም አልወረደም። የአየሩ ውፍረት በባሕር ጠለል ካለው ልክ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ጎድሎታል።

ሰመራ ደግሞ ከአራት መቶ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ከፍታ ነው ያላት። ዝቅተኛ ሥፍራ ስለ ሆነች አይሮፕላን ሊደላው ይገባ ነበር። ነገር ግን በክረምቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በ42 ዲግሪ ሙቀት ሂሳቡን ብንሠራ የሰመራ አየር 1,500 ሜትር ላይ እንዳለ አየር ይሆናል። በዚያው በአፋር ምድር ዳሎል ላይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተያዘው መዝገብ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰው በኖረበት ሥፍራ ከተመዘገበው አማካይ ሁሉ የሚበልጥ ነው ተብሎ በዓለም ይጠቀሳል። የዓለምን ሙቀት የምናወራው ስለ ሌላ አገር አይደለም፤ ስለ ራሳችን ቤት ነው።

አየሩ ሲሳሳ ምን ይሆናል? አንደኛ፣ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ይበልጥ መፍጠን አለበት። በድሬዳዋው ምሳሌ ከመሬት የሚለቅበት ፍጥነት ከልኩ አሥራ አንድ በመቶ ያህል ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ሞተሩም የሚጠጣው አየር ስለ ሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በለጠ ፍጥነት በአነሰ ጉልበት እንዲደርስ ይጠየቃል፤ የሚንደረደርበትም መሬት ይረዝማል። ሦስተኛ፣ ከተነሣ በኋላ ሽቅብ የሚወጣው በዝግታ ነው፤ ፊት ለፊቱ ተራራ ካለ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አራተኛ፣ ሊያርፍ ሲመጣ ፈጥኖ ስለሚመጣ ፍሬኑና ጎማው በበለጠ ይግላሉ፤ በሞቃት አየር ደግሞ የጋለ ፍሬን ቶሎ አይበርድም። ነጂው ሁልጊዜ የሚያሰላው ሁሉም ነገር ደኅና ሲሆን ብቻ አይደለም፤ በሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ አንዱ ሞተር ቢጠፋ ወይ ቆሞ ለመቅረት፣ ወይ በቀረው ሞተር ተነሥቶ ለመሄድ መቻል አለበት። መሬቱ ለዚህ ካልበቃው ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ ክብደት መቀነስ።

ክብደት ማለት ደግሞ ሦስት ነገር ነው፤ ሰው፣ ዕቃና ነዳጅ። ነዳጁን እንዳይቀንስ መድረሻው አለ፤ መጠባበቂያውም አለ። ሰውን ማውረድ ከባድ ነው። ስለዚህ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ዕቃ ነው። እንግዲህ ሻንጣው የቀረበት መንገደኛ ሲቈጣ የሚቈጣው ከማን ጋር ነው? ከቴርሞሜትር ጋር ነው። «የማን ልጅ መሆኔን ታውቃለህ?» ቢል ቴርሞሜትሩ አያውቅም። «ነገ ስብሰባ አለብኝ» ቢልም አይሰማም። በአገራችን ብዙ ነገር በልመናና በአማላጅ ይፈታል፤ ሙቀት ግን ይሉኝታን አያውቅም።

ሀብታም አገሮች ይህን ችግር በገንዘባቸው አስወግደዋል ብሎ የሚያስብ ካለ የአሪዞናን ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ የፊኒክስን ታሪክ ይመልከት። ፊኒክስ በአሜሪካ በረሃ መካከል ያለች ትልቅ ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሰኔ 26 ቀን 1990 ሙቀቱ 122 ፋራናይት፣ ማለት 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። አይሮፕላን ሠሪዎቹ ለየሙቀቱ ያዘጋጁት የክብደትና የመንደርደሪያ ርዝመት ሠንጠረዥ ግን እስከዚያ አይደርስም ነበር። ነጂዎቹ ሠንጠረዡን ሲገልጡ የመጨረሻው መስመር ከውጭ ካለው ሙቀት በታች ሆኖ አገኙት። አይሮፕላኖቹ አልተሰበሩም፤ ሞተሮቹም አልታመሙም። የጎደለው ዕውቀት ነበር። በዚህ ምክንያት ብቻ ለሰዓታት መነሣት ቆመ። እንደ ገና በ2017 ሰኔ ወር በዚያው ከተማ ሙቀቱ ወደ 48 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሲወጣ በርካታ የአነስተኛ ጄት በረራዎች ተሰረዙ፤ የተፈቀደላቸው የሙቀት ወሰን ወደ 48 ዲግሪ ገደማ ነበርና። ትልልቆቹ ወሰናቸው ከዚያ ከፍ ስለሚል መብረራቸውን ቀጠሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? በ1990 በፊኒክስ «ለትናንቱ ሙቀት የሚሆን ሠንጠረዥ አለን፤ ሁለት ዲግሪ ምን ያደርጋል? እንሂድ» ያለ የለም። ወረቀቱ ያለቀበት ሥፍራ ላይ ሥራውም ቆመ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የያዘውን የማይለቅ ወረቀት የብልህ መሣሪያ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ «ትንሽ ነው፣ ግድ የለም» የሚል ድምፅ ከየትኛው አቅጣጫ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ አቧራው እንምጣ። በበረሃ አየር ውስጥ የሚታየው ርቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአሥር ኪሎ ሜትር ወደ ጥቂት መቶ ሜትር ሊወርድ ይችላል። በዓለም ደንብ የአቧራ ማዕበል የሚባለው ርቀቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በታች ሲሆን ነው። ሱዳኖች ሀቡብ ብለው የሚጠሩት፣ ካርቱምን በየበጋው የሚጎበኘው የአቧራ ግድግዳ የሚወለደው ከነጎድጓድ ደመና ነው። ዝናቡ ሲወርድ በደረቁ አየር ውስጥ ይተናል፤ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለ ሆነ ወደ መሬት ይወድቅና ወደ ጎን ሁሉ ይበተናል፤ አሸዋውንም እያነሣ ይገፋል። ግድግዳው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ሊል ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አቧራ ሳያነሣ የሚወርደው ነፋስ ነው። ሊያርፍ የቀረበ አይሮፕላን በመጀመሪያ ነፋሱ ከፊት ሲመጣበት ከፍ ይላል፤ ነጂውም ጉልበት ይቀንሳል፤ ወዲያው ነፋሱ ተገልብጦ ከኋላ ሲመጣ ፍጥነቱ ይጠፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው።

ዓይንም በበረሃ ያታልላል። በቀትር የመንደርደሪያው አስፋልት ላይ ያለው አየር ስለሚንቀጠቀጥ ጥቁሩ መሬት ውሃ የቋጠረ ይመስላል፤ ከፍታን በዓይን መገመት ይከብዳል። ዛፍም ቤትም የሌለበት አንድ ዓይነት አሸዋ ርቀትን አያሳይም። በሌሊት ደግሞ ከሜዳው መብራት በቀር አንድም መብራት ስለማይታይ ነጂው ከፍ ያለ እየመሰለው ዝቅ ብሎ ይመጣል። ይህን የምንጽፈው አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም። ነጂዎች ይህን ሁሉ ተምረው፣ በመሣሪያ እየተረዱ በየቀኑ በደኅና ያርፋሉ። የምንጽፈው ደኅንነቱ በራሱ የመጣ እንዳይመስለን ነው።

ዕውቀት ኖሮ ለሚያስፈልገው ሰው ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚሆን የኢራን በረሃ አስተምሯል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሚያዝያ 1980 አሜሪካኖች በቴሕራን የተያዙ ሰዎቻቸውን ለማስለቀቅ ስምንት ሄሊኮፕተሮች በሌሊት ወደ በረሃው ላኩ። በመንገድ ላይ ያልጠበቁት የተንሳፈፈ አቧራ አገኛቸው፤ በአቧራውና በመሣሪያ ብልሽት ምክንያት ለሥራው ብቁ ሆነው የቀሩት አምስት ብቻ ስለ ነበሩ ዘመቻው ተሰረዘ። ለመመለስ ሲዘጋጁም አንዱ ሄሊኮፕተር ራሱ ባስነሣው አቧራ ውስጥ ከቆመው የጭነት አይሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ስምንት ሰዎች ሞቱ። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሲዮን ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ አቧራ ሊያጋጥም እንደሚችል የአየር ጠባይ ባለሙያዎቹ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ለምሥጢር ጥበቃ ሲባል ከነጂዎቹ ጋር ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ አልተደረገም። ሳይንሱ ነበር፤ ወረቀቱም ነበር፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል ግን ግድግዳ ቆሞ ነበር። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በየመሥሪያ ቤቱ ስንት እንዲህ ያለ ግድግዳ አለ?

ከአየሩ ቀጥሎ መሬቱ አለ። ቴርሞሜትር የሚሰቀለው ጥላ ባለው ነጭ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ነው። ሣጥኑ 40 ዲግሪ ሲል ፀሐይ ሲመታው የዋለው ጥቁር አስፋልት እጅግ ከዚያ በላይ ይግላል፤ ሬንጁም ሊለሰልስ ይችላል። ነፋስ ያመጣው አሸዋ በመንደርደሪያው ላይ ሲተኛ ጎማው መሬቱን አይቆነጥጥም። ጠጠር በሞተር ይገባል። አጥር ከሌለ ፍየልና ግመል ይገባሉ፤ ለእነርሱ ሜዳው የአባቶቻቸው መንገድ ነውና አይፈረድባቸውም፤ ለአይሮፕላኑ ግን አደጋ ነው። ስለዚህ አይሮፕላን ከመምጣቱ በፊት ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረ የሚመለከት፣ አሸዋውን የሚጠርግ፣ ጠጠሩን የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል። ይህ መጥረጊያ የያዘ ሰው ሥራው ከነጂው ሥራ ያነሰ አይደለም።

በረሃ ሲባል ውሃን የሚረሳም ይሳሳታል። ደረቅ ምድር ውሃ ቶሎ አይጠጣም፤ የመጣው ይንደረደራል። ዱባይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሚያዝያ 16 ቀን 2024 ከዓመት በላይ የሚዘንበውን ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወርዶባት ዓለም የሚያደንቀው አይሮፕላን ጣቢያዋ በውሃ ተሸፈነ፤ ከአንድ ሺህ በላይ በረራዎችም ተሰረዙ። በዚያ መንገድ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱትና የሚመለሱት እኅቶቻችን ብዙ ናቸውና ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በገዛ አገራችንም በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ወስዷል። ዝናቡ የዘነበው ከተማው ላይ ሳይሆን በላይ በተራራው ላይ ነበር። የበረሃን አየር መመልከት ማለት በሜዳው ላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ማየት አይደለም፤ ውሃው ከሚመጣበት ደጋ ጋርም መነጋገር ነው።

አሁን ሁለት ተቃውሞ ይመጣብናል። የመጀመሪያው «ዘመኑ የኮምፒዩተርና የሳተላይት ነው፤ እናንተ ስለ ቴርሞሜትርና ስለ መጥረጊያ ታወራላችሁ» የሚል ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያሰላው የተነገረውን ቁጥር ነው። 41 የነበረውን ሙቀት 36 ብሎ የነገሩት ኮምፒዩተር በታላቅ ፍጥነትና በታላቅ ትክክለኛነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ሳተላይትም ቢሆን የአቧራውን ደመና ከሰማይ ያያል እንጂ በመንደርደሪያው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሚታየው አይናገርም። መሣሪያ ሁሉ በመጨረሻ በሜዳው ላይ በታማኝነት በተለካ ነገር ይታረማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው፤ በቀላሉም ልናልፈው አይገባም። «እኛ ድሆች ነን፤ የቀረው ዕቃ የበሽተኛ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ አይሮፕላኑ ካልተነሣ ወላድ ሴት ወደ ሆስፒታል አትደርስም፤ በመኪና ቢሄዱ መንገዱ ሁለት ቀን ነው» ይባላል። እውነት ነው። በቈላ ምድር የሚኖር ወገናችን ለአይሮፕላን ያለው ፍላጎት የሽርሽር አይደለም። ግን ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ነጂውን መገፋፋት ነውን? አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰ አይለቀምም። ከዚህ የሚከተለው አስቀድሞ ማሰብ ነው። አየሩ በማለዳ ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ ከባዱ ጭነት በማለዳ ይሂድ። ሻንጣ ከመጫኑ በፊት መድኃኒት ይጫን፤ ይህም ለሁሉ በግልጽ ይነገር። «ዛሬ ሙቀቱ 43 ስለ ሆነ ይህን ያህል ኪሎ ቀርቷል፤ ነገ በማለዳ ይመጣል» የሚል ቃል ለመንገደኛው በአማርኛም፣ በአፋርኛም፣ በሶማልኛም ቢነገረው ማን ይቈጣል? ሰው የሚቈጣው በሙቀቱ አይደለም፤ ምክንያቱን ሳይነግሩት ሲተዉት ነው። እዚህ ላይ ስሕተቱ የመንገደኛው ብቻ እንዳልሆነ ልንናገር ይገባናል።

ከፍታና ሙቀት ሜዳንም ያስረዝማሉ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መምሪያ መሠረት የመንደርደሪያ ርዝመት ለየ300 ሜትሩ ከፍታ ሰባት በመቶ፣ ከልኩ በላይ ለሆነው ለየዲግሪው ሙቀት ደግሞ አንድ በመቶ ይጨመርበታል። በባሕር ጠለል ላይ 2,000 ሜትር የሚበቃው አይሮፕላን በድሬዳዋ ከፍታ 2,540 ሜትር ይፈልጋል፤ በ35 ዲግሪ ሙቀት ሲሰላ ደግሞ ወደ 3,250 ሜትር ይደርሳል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ግን መምሪያው የሚጨምረው ቃል ነው፤ ጭማሪው ከ35 በመቶ ካለፈ በዚህ ቀላል ሂሳብ አትተማመኑ፣ ለሥፍራው የተለየ ጥናት አድርጉ ይላል። የእኛ ምሳሌ ከ60 በመቶ አልፏል። ማለት ለእንደኛ ያለ አገር የተዘጋጀ ሂሳብ ከውጭ አይመጣም፤ ራሳችን ማጥናት አለብን።

የምድርም ሙቀት እየጨመረ ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እንዳስታወቀው 2024 ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው አማካይ ከአንድ ዲግሪ ተኩል በላይ የሞቀ ዓመት ነበር። አንድ ዲግሪ በመንደርደሪያ ላይ ሲሰላ ሃያ አምስት ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ «ይህ ምን አላት?» ይባል ይሆናል። ነገር ግን አማካዩ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር እጅግ የሚሞቁት ቀኖች ይበዛሉ፤ ዕቃ የሚቀርባቸውም ቀኖች አብረው ይበዛሉ። ዛሬ በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥመው ነገር ለልጆቻችን የበጋ ልማድ ሊሆን ይችላል። የዛሬ መዝገብ ከሌለ ያን ጊዜ ምን ያህል እንደ ተለወጠ የሚያውቅ አይኖርም።

የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ ጉዞ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ያረፈ ነው፤ ከደጋ ወደ በረሃ ማለት ነው። በኋላ ጄት ሲመጣ የልደታ ሜዳ ስላልበቃ የቦሌ ሜዳ ተሠራ። እንግዲህ የከፍታና የሙቀት ነገር የዚህ አገር በረራ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ አብሮት ያደገ ነው። የአገራችን ነጂዎችና ጠጋኞች ይህን በሥራ ተምረውታል። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ግን ወዴት ነው? ስለ ጋዞች ሕግ ፈተና ተፈትነን አልፈናል፤ ግፊትን በሙቀት አካፍለን ውፍረትን አውጥተናል። ስንቶቻችን ነን ያንን ሂሳብ በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ያሰብነው? ቀመሩን በቃል ይዞ በበሩ ላይ ያለውን ሙቀት ያልለካ ተማሪ ተማረ ይባላልን?

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በአዲስ አበባ ብቻ የሚገኝበት ዘመን አልፏል። በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጅግጅጋ፣ በቀብሪ ደሃር ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ በየከተሞቹም አይሮፕላን ያርፋል። ተማሪውና ሜዳው ጎረቤት ናቸው። ስለዚህ በበኩላችን የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የፊዚክስ፣ የሂሳብና የጂኦግራፊ ተማሪዎች በግቢያቸው ውስጥ ትንሽ የአየር ጠባይ መመልከቻ ያቋቁሙ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቴርሞሜትር፣ ባሮሜትር፣ የነፋስ መለኪያ፣ ነጭ ሣጥንና ደብተር ነው። የሚጠይቀው ጽናት ነው፤ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በፈተናም ሰሞን፣ በበዓልም ቀን መለካት። አቧራ ሲነሣ የሚታወቅ ርቀት ላይ ያለ ኮረብታ ወይም ሕንፃ ታየ አልታየም ብሎ መጻፍ። አሥር ዓመት የተጻፈ እንዲህ ያለ ደብተር ከብዙ መመረቂያ ጽሑፍ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ በየአይሮፕላን ጣቢያው የሚያዘው የአየር ጠባይ መዝገብ ለተማሪና ለተመራማሪ ክፍት ይሁን። ሙቀት ምሥጢር አይደለም። ከኢራን በረሃ የተማርነው ግድግዳ ምን እንደሚያደርግ ነው።

ሦስተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራት ለዕረፍት ወደ አገሩ በአይሮፕላን ለሚሄደው ተማሪም ሆነ ለሕዝቡ ይህን ነገር በቀላል ቋንቋ ያስረዱ። ሲዘገይ መስደብ ሳይሆን ምክንያቱን መጠየቅ፣ ምክንያቱም ሲነገር መቀበል ልማዳችን ይሁን። ምክንያት ሳይነገር ሲቀር ደግሞ በትሕትናና በጽናት መጠየቅ መብታችን ነው። ሙቀት በግዴለሽነት ለዘገየ ሁሉ መሸሸጊያ እንዲሆን አንፈቅድም፤ ይህንንም ለማወቅ የሚቻለው ቁጥሩ በግልጽ ሲነገር ብቻ ነው።

አራተኛ፣ የአየር ጠባይ ተመልካችነትን ሥራ እንደ ዝቅተኛ ሥራ ማየት ይቅር። ከእኛ መካከል ሜትሮሎጂ የሚማር ሲገኝ «ሌላ ትምህርት አጣህን?» የሚሉ አሉ። በእኩለ ቀን፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ ወጥቶ ሣጥኑን ከፍቶ ያየውን የሚጽፍ ሰው ማንም አያጨበጭብለትም። አለቃው «ትንሽ ቀንስልን» ቢለው የማይቀንስ፣ ወዳጁ «መንገደኛ ነኝ፤ እባክህ» ቢለው የማይሰማ ሰው መሆን አለበት። ይህ ሰው በአንድ ዲግሪ ላይ ያልዋሸ እንደ ሆነ በሌላም ነገር ላይ አይዋሽም።

አንዳንዶች በዚህ መጽሔት ስለ ታላላቅ የአገር ጉዳዮች ብቻ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ። እኛ ግን ትልቅ ጉዳይ በትንሽ ነገር ውስጥ ይታያል እንላለን። ያየውን የሚጽፍ፣ የተጻፈውን የሚያነብ፣ ያነበበውን የሚያከብር ሕዝብ ከበረሃው ሜዳ ላይ በደኅና ይነሣል። ይህን ልማድ በአይሮፕላን ጣቢያ የተማረ በፍርድ ቤትም፣ በሆስፒታልም፣ በትምህርት ቤትም አይረሳውም። ሥራው ብዙ ነው፤ የሚጀምረው ግን ነገ ጠዋት አንድ ቴርሞሜትር ተመልክቶ ቁጥሩን በደብተር ላይ በመጻፍ ነው።